ሞጁሉ ተሠርቷል፤ ከርነሉ ለምን አልቀበልም አለ?

ጥያቄው፦ «ኒክስኦኤስ ከጫንኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ እትሙ 24.11 ነው። የዩኤስቢ ዋይፋይ አለኝ፤ ድራይቨሩን ሶርስ ኮድ አውርጄ ‹ሜክ› ስል ‹/ሊብ/ሞጁልስ/6.12.8/ቢልድ› የሚባል ነገር የለም አለኝ። የከርነል ሄደር በ‹ኒክስ-ኢንቭ› ለመጫን ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። በኋላ ‹ኒክስ-ሼል› ውስጥ ‹ሊኑክስፓኬጅስ.ከርነል.ዴቭ›ን አስገብቼ ኮምፓይል አደረግኩትና የ‹.ኬኦ› ፋይሉ ወጣልኝ። ‹ኢንስሞድ› ስለው ግን ‹ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት› ይላል። ሌሎቹ ሞጁሎች ወዳሉበት ልገለብጠው ስል ‹ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም› አለኝ። በመጨረሻ የፋይሉን አድራሻ ‹ቡት.ከርነልሞጁልስ› ላይ ጻፍኩት፤ እሱም አልሠራም። የተበላሸው ድራይቨሩ ነው? ወይስ ኒክስኦኤስ ከውጭ የመጣ ሞጁል አይቀበልም?»

ድራይቨሩ አልተበላሸም። ኒክስኦኤስም (የሊኑክስ ዓይነት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው) ከውጭ የተሠራ ሞጁል፣ ማለትም ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ላይ የሚጨመር ቁራጭ ኮድ፣ ይቀበላል። ችግሩ ሞጁሉ የተሠራው ማሽንዎ ላይ አሁን እየሠራ ላለው ከርነል ሳይሆን ለሌላ ከርነል መሆኑ ነው። የቀሩት ሙከራዎች የከሸፉት ደግሞ በየራሳቸው ምክንያት ነው። ሁሉንም እንደ አንድ ችግር ስላዩዋቸው ውሉ ጠፍቶብዎታል። አንድ በአንድ እንፍታው።

ከ‹ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት› ልጀምር፤ ዋናው ነገር ያለው እሱ ጋ ነው። የሠሩት ፋይል ያለበት ፎልደር ውስጥ ሆነው ‹ሞድኢንፎ› ይበሉና የ‹.ኬኦ› ፋይሉን (የተሠራውን ሞጁል) ስም ያስከትሉ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ‹ቨርማጂክ› የሚል፣ ሞጁሉ ለየትኛው ከርነል እንደተሠራ የሚናገር መስመር አለ። እርስዎ ጋ «6.6.69 ኤስኤምፒ ፕሪኤምፕት ሞድ_አንሎድ» ወይም ይህን የሚመስል ነገር እንደሚያገኙ እገምታለሁ። አሁን እንደገና ‹ኢንስሞድ› (ሞጁሉን ከርነሉ ውስጥ የሚጭነው ትእዛዝ) ያድርጉና ወዲያው የከርነሉን መዝገብ በ‹ዲሜስግ› ይክፈቱ። የመጨረሻው መስመር ላይ ከርነሉ ራሱ ይናገራል፦ የዚህ ሞጁል ቨርዥን ማጂክ 6.6.69 ነው፤ መሆን የነበረበት 6.12.8 ነው። ተርሚናሉ ላይ የሚወጣው አጭር መልእክት ፋይሉ የተበላሸ ያስመስላል። ትክክለኛው ምክንያት የሚጻፈው ግን መዝገቡ ላይ ነው። ሞጁል እምቢ ባለዎት ቁጥር መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ።

6.6 ከየት መጣ? ‹ሊኑክስፓኬጅስ› ብለው ዝም ብለው ሲጠሩ የሚያገኙት የኒክስፓኬጅስን (የኒክስ የፓኬጆች ስብስብ) ዲፎልት ከርነል ነው። በ24.11 እትም ዲፎልቱ የ6.6 ዘር ነው። የእርስዎ ማሽን ግን 6.12.8 ላይ ነው። ስለዚህ ኮንፊገሬሽን ፋይልዎ ውስጥ የሆነ ቦታ ‹ቡት.ከርነልፓኬጅስ› በሚለው መስመር ‹ሊኑክስፓኬጅስ_ሌተስት›ን ሳይመርጡ አይቀርም። ምናልባት ሲጭኑ ከሆነ ቦታ ገልብጠውት ረስተውት ይሆናል። ሲስተሙ በአንዱ ከርነል ተነሳ፤ ሞጁሉ በሌላው ተሠራ። ሁለቱ አልተገናኙም።

ሊኑክስ እዚህ ላይ እንዲህ የሚጠብቀው በምክንያት ነው። ከርነሉ ለተራ ፕሮግራሞች የገባው ቃል አለ፦ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በአዲሱ ከርነልም መሥራት አለበት። ለሞጁሎች ግን እንዲህ ያለ ቃል ተገብቶ አያውቅም። ሞጁል ከርነሉ ውስጥ ገብቶ፣ የከርነሉ አካል ሆኖ ነው የሚሠራው። የከርነሉ የውስጥ ፈንክሽኖች ደግሞ ከስሪት ስሪት ይቀየራሉ፤ አዘጋጆቹ ይህን የሚያደርጉት አስበውበት ነው። በ5.6 ‹/ፕሮክ› ውስጥ ፋይል የሚፈጥሩ ሞጁሎች ‹ፋይል_ኦፕሬሽንስ›ን ትተው ‹ፕሮክ_ኦፕስ› እንዲጠቀሙ ተደረገ። በ6.4 ‹ክላስ_ክሪኤት› የሚባለው ፈንክሽን ከሁለት አርግዩመንት ወደ አንድ ወረደ። ላይ ላዩን ሲታዩ ጥቃቅን ናቸው። ሆኖም የሚከታተለው ሰው ያጣ የውጭ ድራይቨር በዚህ ብቻ ኮምፓይል መሆን ያቆማል።

ኮምፓይል ሲያደርግ የሚቆም ሞጁል እንኳን ጥሩ ነው። የሚያስፈራው አልፎ የሚሄደው ነው። አንድ ስትራክት (የመረጃ ጥቅል) ውስጥ አንድ ፊልድ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ፣ ሞጁሉ የራሱ መስሎት የሌላ ክፍል ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። እድለኛ ከሆኑ ማሽኑ ወዲያው ይደርቃል። ካልሆኑ ደግሞ ሳያዩት ፋይል ይበላሻል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ‹ሞድፕሮብ›ን (ሞጁል በስሙ ፈልጎ የሚጭነውን ትእዛዝ) በ‹ፎርስ› አስገድደው የሚል ምክር ካገኙ አይከተሉት። ‹ፎርስ› የሚያደርገው ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ብቻ ነው፤ ልዩነቱ እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ‹/ሊብ/ሞጁልስ› እንምጣ። እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ባሉ ሲስተሞች ሞጁሎች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ኒክስኦኤስ ላይ ይህ ፎልደር የለም። እያንዳንዱ ፓኬጅ፣ ከርነሉንም ጨምሮ፣ ‹/ኒክስ/ስቶር› ሥር ረጅም ሃሽ (መለያ ኮድ) ባለው የራሱ ፎልደር ይቀመጣል። ማሽኑ ሲነሳ ‹/ረን/ቡትድ-ሲስተም› የሚባል ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም አቋራጭ) ይፈጠራል፤ የተነሳንበትን ሲስተም ያሳያል። አጠገቡ ‹/ረን/ከረንት-ሲስተም› አለ፤ እሱ የሚያሳየው አሁን ሥራ ላይ ያለውን፣ ማለትም መጨረሻ በ‹ኒክስኦኤስ-ሪቢልድ ስዊች› ወደ ሥራ ያስገቡትን ነው። የኒክስኦኤስ ‹ሞድፕሮብ› ተስተካክሎ የተሠራ ስለሆነ ሞጁል የሚፈልገው በ‹ቡትድ-ሲስተም› ሥር፣ ‹ከርነል-ሞጁልስ› የሚል ፎልደር ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት በልብዎ ይያዙት፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ስቶሩ ለመነበብ ብቻ ነው የተከፈተው። ‹ሪድ-ኦንሊ› ያለዎት ለዚህ ነው። እንደሚጻፍበት አድርገው እንደገና ማውንት በማድረግ ፋይሉን በግድ ማስገባት ይቻላል፤ ግን እባክዎ አያድርጉት። ፎልደሩ ኒክስ ለይዘቱ መዝግቦ ከያዘው ሃሽ ጋር አይገጥምም፤ ስቶሩ ሲፈተሽ የተበላሸ ተብሎ ይያዛል። ደግሞ ልፋቱ ከንቱ ነው። በሚቀጥለው ከርነል ማሻሻያ አዲስ ፎልደር ይፈጠራል፤ የእርስዎ ፋይል አሮጌው ውስጥ ይቀራል።

የሄደሩ (ሞጁል ሲሠራ ኮምፓይለሩ የሚያነባቸው የከርነል ፋይሎች) ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላ ሲስተም ላይ የሄደር ፓኬጅ ሲጭኑ ፋይሎቹ ሁሉም ፕሮግራም በሚያውቀው የጋራ ቦታ ይቀመጣሉ። ኒክስ ላይ የጋራ ቦታ የሚባል ነገር የለም። አንድ ፓኬጅ በ‹ኒክስ-ኢንቭ› ቢጫን ወደ እርስዎ ፕሮፋይል ይገባል፤ ኮምፓይለሩ ግን እዚያ ሄዶ አይፈልግም። ለሞጁል የሚያስፈልገው ነገር የከርነሉ ‹ዴቭ› የሚባለው ክፍል ውስጥ አለ። ‹ኒክስ-ሼል› ላይ እሱን መጠቀምዎ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። የሳቱት የትኛው ከርነል ‹ዴቭ› እንደሆነ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ሙከራዎ ላይ ደግሞ ሁለት ነገሮች ተምታተውብዎታል። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ የአማራጮቹ ስሞች ስለሚመሳሰሉ አይፈረድም። ‹ቡት.ከርነልሞጁልስ› የስም ዝርዝር ነው። ማሽኑ ሲነሳ እነዚህን ሞጁሎች በስማቸው ጥራቸው ማለት ነው። የፋይል አድራሻ አይቀበልም፤ ‹.ኬኦ› የሚለው ቅጥያም አይጻፍበትም። የሚጠራው ሞጁል ደግሞ አስቀድሞ ሲስተሙ ውስጥ መኖር አለበት። ከውጭ የመጣውን ወደ ሲስተሙ የሚያስገባው ‹ቡት.ኤክስትራሞጁልፓኬጅስ› ነው። ይህኛው የሚቀበለው ፓኬጅ ነው። ያስገባል፤ ግን አይጠራም። ለብዙ ሃርድዌር መጥራት አያስፈልግም፤ መሣሪያው ሲሰካ ሲስተሙ መታወቂያ ቁጥሩን አይቶ ራሱ ሞጁሉን ይጭናል። ከመሣሪያ ጋር ላልተያያዘ ሞጁል፣ ለምሳሌ የውሸት ካሜራ ለሚፈጥረው ‹ቪ4ኤል2ሉፕባክ›፣ ሁለቱንም መጻፍ ግድ ነው።

የፓኬጁና የሞጁሉ ስም ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነም ይወቁ። ‹ዲዲሲሲአይ-ድራይቨር› የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ያሉት ሞጁሎች ‹ዲዲሲሲአይ› እና ‹ዲዲሲሲአይ_ባክላይት› ናቸው። የሚጠራው በሞጁሉ ስም ነው።

ኮድ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ድራይቨሩ በእርግጥ ያስፈልግዎታል? ‹ኤልኤስዩኤስቢ› ብለው የመሣሪያውን መታወቂያ ቁጥር ይያዙና ከርነሉ ራሱ ያውቀው እንደሆነ ይፈልጉ። የዋይፋይ ድራይቨሮች ታሪክ በቅርብ ዓመታት በጣም ተለውጧል። ‹አርቲደብልዩ88› የሚባለው የሪልቴክ ድራይቨር ከ6.2 ጀምሮ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን ይዟል። ድሮ ሁሉም ሰው ከውጭ እያመጣ ይሠራላቸው የነበሩ እንደ 8821ሲዩ እና 8822ቢዩ ያሉ ቺፖች ዛሬ ያለምንም ጭማሪ ይነሳሉ። ኢንተርኔት ላይ ያለው መመሪያ ግን አብዛኛው ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። ከርነሉ የሚያውቀው ቺፕ ከሆነ የውጭውን ይተዉት። የጎደለው ድራይቨሩ ሳይሆን ፈርምዌሩ (መሣሪያው ራሱ ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር) ሊሆንም ይችላል፤ እሱ ሌላ መስመር ነው፤ መዝገቡ ላይ ፈርምዌር መጫን አልተቻለም የሚል ካዩ ሞጁል መሥራት አይፈታውም።

ከርነሉ የማያውቀው ከሆነ ቀጥለው ኒክስፓኬጅስ ውስጥ ይፈልጉ። ብዙ የውጭ ሞጁሎች በ‹ሊኑክስፓኬጅስ› ሥር ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ካገኙት ሥራዎ የአንድ መስመር ነው፤ ‹ቡት.ኤክስትራሞጁልፓኬጅስ› ላይ በ‹ኮንፊግ.ቡት.ከርነልፓኬጅስ› ሥር በስሙ ይጠሩታል። እንደ ኤንቪዲያና ቨርቹዋልቦክስ ላሉት ደግሞ የራሳቸው የሲስተም አማራጭ አለ። እሱን ያብሩ እንጂ ሞጁላቸውን በእጅ አይንኩ።

ሁለቱም ጋ ካጡት ፓኬጁን ራስዎ ይጽፋሉ። ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ግን ሰው የሚወድቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ስለሆኑ እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው።

የድራይቨሩን ሜክፋይል (‹ሜክ› የሚያነበውን የግንባታ መመሪያ) ይክፈቱ። ከላይ አካባቢ እንዲህ የሚል መስመር ያገኛሉ፦ የከርነሉ ፎልደር ‹/ሊብ/ሞጁልስ› ሥር፣ ‹ዩኔም -አር› በሚመልሰው ቁጥር ስም ያለው ነው። ይህ መስመር ሁለት ጊዜ ስህተት ነው። ፎልደሩ ኒክስኦኤስ ላይ እንደሌለ አይተናል። ሁለተኛው ግን ረቀቅ ይላል። ‹ዩኔም -አር› የሚመልሰው በዚህ ሰዓት እየሠራ ያለውን ከርነል ነው። ሲስተሙን ሲያሻሽሉ ግን ሞጁሉ መሠራት ያለበት ገና ላልተነሳው፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ከርነል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከማሽኑ መጠየቅ የለበትም። ለፓኬጁ ከተሰጠው ከርነል መምጣት አለበት። ‹ሜክ› ሲጠራ የከርነሉን ፎልደር እንዲህ ብለው ይሰጡታል፦ የከርነሉ ‹ዴቭ›፣ ከዚያ ‹ሊብ/ሞጁልስ›፣ ከዚያ ‹ሞድዲርቨርዥን›፣ መጨረሻ ላይ ‹ቢልድ›። ይህን የሚቀበለው ቫሪያብል ስም ከድራይቨር ድራይቨር ይለያያል፤ አንዱ ‹ኬዲር› ይለዋል፣ የሪልቴኮቹ ብዙ ጊዜ ‹ኬኤስአርሲ› ይሉታል። ሜክፋይሉን ሳያነቡ ከሌላ ሰው አይገልብጡ።

‹ሞድዲርቨርዥን› ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ‹ቨርዥን› የሚባልም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው። አንድ የከርነል ዘር ገና ሲወጣ ግን ‹ቨርዥን› 6.12 ሲል ፎልደሩ 6.12.0 ነው። ዜን በሚባለው የከርነል ዓይነት ላይ ደግሞ የፎልደሩ ስም ጭራ አለው። ‹ቨርዥን›ን የተጠቀመ ፓኬጅ ለወራት ሠርቶ አንድ ቀን ያለምክንያት የቆመ ይመስላል።

ሁለት ነገሮች ይጨምሩ። ‹ኔቲቭቢልድኢንፑትስ› ላይ የከርነሉን ‹ሞጁልቢልድዲፔንደንሲስ› ያስገቡ፤ ከርነሉ ራሱ ሞጁል ለመሥራት የሚፈልጋቸው መሣሪያዎች እዚያ ተዘርዝረዋል። ከዚያ ‹ሃርደኒንግዲሴብል› ላይ ‹ፒክ› እና ‹ፎርማት› የሚሉትን ይጻፉ። የኒክስ ኮምፓይለር ለተራ ፕሮግራሞች ደህንነት ሲል ራሱ የሚጨምራቸው ፍላጎች አሉ፤ ከርነል ውስጥ የሚገባ ኮድ ግን በዚያ መንገድ መሠራት የለበትም።

የመጫኛው ክፍል ላይ የድራይቨሩን ‹ሜክ ኢንስቶል› አይመኑት። አብዛኞቹ በቀጥታ ‹/ሊብ› ውስጥ ለመጻፍና ‹ዴፕሞድ› (የሞጁሎችን ማውጫ የሚያዘጋጅ ትእዛዝ) ለመጥራት ይሞክራሉ፤ ኒክስ ፓኬጅ በሚሠራበት፣ ከቀረው ሲስተም በተለየ ሳጥን ውስጥ ሁለቱም አይሆኑም። የከርነሉን የራሱን ‹ሞጁልስ_ኢንስቶል› ይጠቀሙና ‹ኢንስቶል_ሞድ_ፓዝ›ን ወደ ፓኬጁ ውጤት ፎልደር ያዙሩት። ሞጁሉ በመጨረሻ የሚገኘው በውጤቱ ፎልደር ውስጥ ‹ሊብ/ሞጁልስ› ሥር፣ በከርነሉ ቁጥር በተሰየመ ፎልደር ውስጥ መሆን አለበት። ሌላ ቦታ ካረፈ ምንም ስህተት አያዩም፤ ሲስተሙ ይገነባል፣ ሞጁሉ ግን የለም። ‹ዴፕሞድ›ን አይጨነቁበት። ኒክስኦኤስ የከርነሉንና የውጭዎቹን ሞጁሎች በአንድ ዛፍ ሰብስቦ ራሱ ያሠራዋል።

ሶርስ ኮዱን ሲያመጡ ብራንች ሳይሆን የአንድ ኮሚት ሙሉ ሃሽ ይጥቀሱ። የፋይሉን ቼክሰም ካላወቁ ‹ፌክሃሽ› ይጻፉበት፤ ኒክስ ሲወድቅ ትክክለኛውን ይነግርዎታል። ኮንፊገሬሽንዎ በፍሌክ (የኒክስ ኮንፊገሬሽን ማደራጃ መንገድ) የሚተዳደር ከሆነ አዲሱን ፋይል በ‹ጊት አድ› ይጨምሩ። ጊት የማያውቀውን ፋይል ፍሌክ አያየውም። በዚህ ብቻ ሰዓታት ያለፉባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን የነገሩ ሁሉ እምብርት ጋ ደረስን። የጻፉት ፓኬጅ ‹ከርነል›ን እንደ ግብአት ይቀበላል። ያንን ግብአት ማን ይስጠው? እርስዎ ቁጥር አይጻፉበት። በ‹ፒኬጂኤስ.ሊኑክስፓኬጅስ› በኩልም አይጥሩት። ‹ኮንፊግ.ቡት.ከርነልፓኬጅስ.ኮልፓኬጅ› ብለው ይጥሩት። ይህ ማለት ሲስተሙ የሚነሳበት ከርነል የትኛውም ይሁን፣ ለዚያ ሥራልኝ ማለት ነው። ዛሬ 6.12 ቢሆን፣ ነገ ሌላ ቢሆን፣ ሞጁሉ አብሮ ይቀየራል። ‹ኒክስ-ሼል› ላይ የጎደለዎት ይህ ማሰሪያ ብቻ ነው። በስህተት ሌላ ከርነል ሰጥተው ‹ኤክስትራሞጁልፓኬጅስ› ላይ ቢያስገቡት ግንባታው «ኢንኮንሲስተንት ከርነል ቨርዥንስ» ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አሳይቶ ይቆማል። ይህን መልእክት ሲያዩ ሌላ ነገር አይፈልጉ፤ የጠሩበትን መስመር ያስተካክሉ።

ሁሉንም በትክክል ሠርተው ‹ኒክስኦኤስ-ሪቢልድ ስዊች› ካደረጉ በኋላ ‹ሞድፕሮብ› ቢሉ፣ ሞጁሉ አልተገኘም ሊልዎት ይችላል። እዚህ ላይ ተስፋ አይቁረጡ። ቅድም ያልኩትን ያስታውሱ፦ ‹ሞድፕሮብ› የሚያየው የተነሱበትን ሲስተም ነው። አዲሱ ሞጁል ያለው ‹ከረንት-ሲስተም› ሥር ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ‹ስዊች› ሲያደርጉ ከርነሉም ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ፣ ‹ሞድፕሮብ› እየሠራ ላለው አሮጌ ከርነል የሚሆኑትን ሞጁሎች ያጣቸው ነበር። መፍትሔው ሪስታርት ማድረግ ነው። ከርነሉ ካልተቀየረና ሞጁሉን ቶሎ ለመፈተሽ ከፈለጉ፣ ‹ከረንት-ሲስተም› ሥር ያለውን ፋይል ሙሉ አድራሻ ለ‹ኢንስሞድ› መስጠት ይቻላል። ፋይሉ በ‹.ኬኦ.ኤክስዜድ› የሚያልቅ ቢሆን አይደንግጡ፤ የታመቀ ነው፣ ‹ኢንስሞድ› ይፈታዋል። ‹ኢንስሞድ› ግን ሌሎች የሚያስፈልጉ ሞጁሎችን ፈልጎ አይጭንም። መዝገቡ ላይ «አንኖውን ሲምቦል» ካዩ የጎደለ ጓደኛ ሞጁል አለ ማለት ነው።

ከርነሉ ውስጥ ያለ ሌላ ድራይቨር ያንኑ መሣሪያ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። ሁለቱ ከተጋፉ የማይፈልጉትን ‹ቡት.ብላክሊስትድከርነልሞጁልስ› ላይ ይጻፉት። ሞጁሉ ሩት ፋይል ሲስተሙ ከመከፈቱ በፊት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዲስክ ኮንትሮለር ከሆነ፣ በ‹ቡት.ኢኒትአርዲ› ሥር ያሉትን አቻ አማራጮች መጠቀም አለብዎት፤ ለዋይፋይ ይህ አያስፈልግም።

መዝገቡ ላይ ሞጁሉ ከርነሉን «ቴይንት» አደረገ የሚል መስመር ያያሉ። ስህተት አይደለም። ከውጭ የተሠራ ሞጁል ገብቷል የሚል ምልክት ነው፤ ከርነሉ ሲወድቅ ሪፖርቱ ላይ ‹ኦ› የሚል ፊደል ሆኖ ይታያል። የከርነል አዘጋጆች እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲደርሳቸው መጀመሪያ ያለ ሞጁሉ ሞክረው ይላሉ፤ ልክ ናቸው።

በደህንነት በኩል ሁለት ጥንቃቄ አለ። ‹ሴኩሪቲ.ሎክከርነልሞጁልስ› በርቶ ከሆነ፣ ማሽኑ ተነስቶ ካበቃ በኋላ ማንም፣ ሩትም (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ቢሆን፣ ሞጁል መጫን አይችልም። የ‹ሃርደንድ› ፕሮፋይል የሚጠቀሙ ሰዎች ሳያውቁት ይበራባቸዋል። አንዴ ከተቆለፈ እስከ ሪስታርት አይከፈትም። ያኔ ሞጁሉን ‹ቡት.ከርነልሞጁልስ› ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ መሣሪያው ኋላ ሲሰካ በራሱ አይጫንም። ሁለተኛው ፊርማ ነው። ከርነልዎ የተፈረመ ሞጁል ብቻ እንዲቀበል ካደረጉት የራስዎን ሞጁል በራስዎ ቁልፍ መፈረም አለብዎት። የግል ቁልፉን ግን በምንም መንገድ ወደ ኒክስ ስቶር አያስገቡ። ስቶሩን ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ማንበብ ይችላል። ኮንፊገሬሽኑ ውስጥ የቁልፉን ፋይል አድራሻ ያለ ጥቅስ ምልክት መጻፍ ብቻ ፋይሉን ወደ ስቶር ሊያስገለብጠው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የማይቀር ገደብ አለ። ኒክስ ሞጁሉን ከከርነሉ ጋር ያስራል፤ አሮጌ ኮድን ለአዲስ ከርነል አያድስም። የድራይቨሩ ባለቤት ኮዱን ካላሻሻለ አንድ ቀን ‹ሪቢልድ› ሲያደርጉ ኮምፓይል አልሆነም ብሎ ይቆማል። ዜድኤፍኤስ የተባለውን ፋይል ሲስተም የሚያህል በብዙ ሰው የሚጠበቅ ፕሮጀክት እንኳ አዲስ ከርነል ላይ ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል። አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው የሚይዘው የዋይፋይ ድራይቨር ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል ያስቡት።

ሆኖም የሚቆምበት ሰዓት ልዩነት አለው። ሌሎች ሲስተሞች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2003 ዴል ውስጥ የተጀመረው ዲኬኤምኤስ ነው። አዲስ ከርነል ሲጫን ሞጁሎቹን እንደገና ለመሥራት ይሞክራል። ካልቻለም ከርነሉ ተጭኖ ሊቀር ይችላል፤ እርስዎ የሚያውቁት ሪስታርት አድርገው ኔትወርክ ሲያጡ ነው። መፍትሔውን ለመፈለግ ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል። ኒክስኦኤስ ላይ ሞጁሉ ካልተሠራ አዲሱ ሲስተም በሙሉ አይፈጠርም። የሚሠራው ሲስተምዎ እንደነበረ ይቆያል። እኔ ኒክስኦኤስን የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። የውጭ ሞጁል ላይ ጥገኛ የሆነ ማሽን እንዲህ ያለ ጥበቃ በጣም ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ይህን ነው። ‹ሊኑክስፓኬጅስ_ሌተስት›ን ይተዉት። ሌተስት የሚለው ስም አንድ ከርነል አይደለም፤ አዲስ ዘር በወጣ ቁጥር ይዞዎት ይሄዳል። በምትኩ ‹ሊኑክስፓኬጅስ_6_12› ብለው ዘሩን በቁጥር ይጻፉ። 6.12 ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ዘር ነው፤ የደህንነት ማስተካከያ ይደርሰዋል፣ የውስጥ አሠራሩ ግን እንደ አዲስ ዘር አይገለባበጥም። ሞጁሉን በ‹ኮንፊግ.ቡት.ከርነልፓኬጅስ› በኩል ያስሩ። ‹ቡት.ከርነልሞጁልስ› ላይ የጻፉትን የፋይል አድራሻ ይደምስሱት፤ የሠሩትን የ‹.ኬኦ› ፋይልም ይጣሉት፣ ከእንግዲህ አይጠቅምም።

ከ‹ስዊች› ይልቅ ‹ኒክስኦኤስ-ሪቢልድ ቡት› ይበሉና ሪስታርት ያድርጉ። ማሽኑ እምቢ ካለ በመነሻ ሜኑው ላይ ያለፈውን ጀነሬሽን (የቀድሞውን የሲስተም ቅጂ) ይምረጡ፤ ዛሬ ያለዎትን ሲስተም እንዳለ ያገኙታል። ዋይፋዩ ለጥቂት ቀናት ያለ ችግር መሥራቱን እስኪያዩ ድረስ ‹ኒክስ-ኮሌክት-ጋርቤጅ›ን በ‹-ዲ› አይጥሩ፤ ያንን መመለሻ የሚያጠፋው እሱ ነው። ሲነሳ ‹ሞድኢንፎ›ን በሞጁሉ ስም ይጥሩ። ‹ቨርማጂክ› የሚለው መስመር ላይ ያለው ቁጥር ‹ዩኔም -አር› ከሚሰጠው ጋር አንድ ከሆነ፣ መሣሪያውን ነቅለው መልሰው ይሰኩትና ‹ዲሜስግ› ላይ የድራይቨሩ ስም ብቅ ሲል ያዩታል።